አራት አረንጓዴ፣ አንድ ጥቁር

የሺሃረግ ሰው ስትለካ አትናገርም። ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ፣ ሜትሩን በእጇ ይዛ፣ ሙሽራ ትሁን የሙሽራ እናት ሳትለይ ዝም ብላ ትዞራለች። እኔ ሰቦቃ እባላለሁ፤ ሱፍ ሰፊ ነኝ። ጉርድ ሾላ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል። በግራ በኩል የእኔ የወንድ ሱፍ፣ በቀኝ በኩል የእሷ የሴት ቀሚስ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ከስፒል በቀር አፏን የሚያስዘጋት ነገር አላየሁም። ደንበኛው ከመውጣቱ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ጋሽ ሰቦቃ፣ ይሄ የሰፋኸው ኮት ነው ወይስ የድንች ጆንያ?" ትላለች። እኔም መልስ አላጣም፤ ግን ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ናት።

ቤቷ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳር ነው። ተወልዳ ያደገችውም እዚያው እንጦጦ ላይ ነው፤ አባቷ የደን ጥበቃ ነበሩ። ቀለም የተማርኩት ከጫካ ነው እያለች ትመጻደቃለች። እኔ ይህን አላምናትም፤ ጫካ ውስጥ አረንጓዴ እንጂ ሌላ ምን አለ? ግን አንዲት ልጅ በር ላይ ስትቆም፣ ጠይም ትሁን ቀይ ዳማ፣ የትኛው ጨርቅ እንደሚያፈካት የትኛውስ እንደሚገድላት ሳትነካት ታውቃለች። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ያሉ ሙሽሮች ሚዜዎቻቸውን አስከትለው ደረጃችንን የሚወጡት ለዚህ ነው።

ስለ የሺሃረግ ካወራሁ ስለ ሰማንያው ቀን ሳላወራ ማለፍ አልችልም። በሃያ ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ሴት። በሦስተኛው ቀን አባቷ ሞቱ። አራስ ናት፤ መርዶ እንዴት ይነገራታል? ደም ያፈሳታል፣ ወተቷ ይደርቃል ተባለና ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ተማከረ፤ እስከ ክርስትናው፣ ሰማንያ ቀን ሙሉ ተደበቀባት። ሴቶቹ ከለቅሶው ድንኳን ተነስተው ፊታቸውን በውሃ አባብሰው፣ ደጃፏ ላይ ሳቅ ለብሰው ይገቡ ነበር። "አባባ ልጄን ለምን አላያትም?" ስትል "ጫካው እሳት ተነስቶበት እዚያ ነው የሚያድረው" ይሏታል። ከገንፎው የአባቷን ድርሻ በሳህን ከድና ትልክ ነበር። የክርስትናው ማግስት ጎህ ሲቀድ ነገሯት።

"ሰማንያ ቀን ሳቅሁ" ትላለች እስከ ዛሬ። "አባቴ አፈር ለብሶ እኔ ሰማንያ ቀን ገንፎ እየበላሁ ሳቅሁ። ያሳቁኝን አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም።" ከዚያ ወዲህ የሰው መርዶ እንደማትደብቅ ለራሷ ምላለች። ይህን የማሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ መሐላቸውን የጠበቁ ግን አላየሁም።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ናዝሬት የምትባል ሙሽራ አራት ሚዜዎቿንና እናቷን ይዛ መጣች። ሠርጉ የሚቀጥለው እሁድ ነው። ስምንት ቀን ቀርቶት፣ ጨርቁ እንኳ ሳይመረጥ! የዘንድሮ ልጆች አዳራሹን ከዓመት በፊት ይይዛሉ፣ ቀሚሱን ግን እንደ ዳቦ ከመንገድ የሚገዛ ይመስላቸዋል። እኔ ብሆን ኖሮ በመጡበት እመልሳቸው ነበር። የሺሃረግ ግን ናሙናዎቿን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው፤ ሳቲን፣ ቺፎን፣ ቬልቬት፣ ክሬፕ።

ናዝሬት ስልኳን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየች። "ለሚዜዎቼ ዳስቲ ሮዝ ነው የምፈልገው፤ እንደዚህ፣ ቲክቶክ ላይ ያለው።"

"አቧራ የነካው ሮዝ ማለት ነው?" አለች የሺሃረግ። "አቧራ ለማግኘት ብር ማውጣት ያስፈልጋል? እዚህ ታች አስፋልቱ ላይ ቁሙ።"

ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ ግን ጦርነቱ ተጀመረ። ጊፍቲ የምትባለው ጠቆር ያለች ቆንጆ ልጅ፣ "ያ ሮዝ እኔን አመድ ያስመስለኛል" ብላ አኮረፈች። ሁለቱ የናዝሬት የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ወይን ጠጅ ይሁን አሉ። ሙሽራዋ ወይን ጠጁን የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ ለብሰውታል ብላ እምቢ አለች። ሰማያዊው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሆነ፣ ወርቃማው የመጋረጃ ጨርቅ ሆነ። ጨርቁን እየተሸከሙ ወደ በረንዳው ወጥተው በፀሐይ ያዩታል፣ ተመልሰው በአምፖል ያዩታል፣ ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ፎቶ ይነሳሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ! እኔ በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ሱሪ ጨረስኩ።

ነገሩን የጨረሰችው አንደኛዋ ሚዜ ናት። ሃይሚ ትባላለች። የናዝሬት እናት የወይዘሮ ዓለም የወንድም ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት እናቷ ስለሞተች አክስቷ ቤት፣ መሪ ኮንዶሚኒየም፣ ከናዝሬት ጋር በአንድ አልጋ እየተኛች ነው ያደገችው። አባቷ አቶ ኃይለ መስቀል ደብረ ሲና የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ልጅቷ ከሌሎቹ ዝምተኛ ናት። ከጨርቆቹ ሥር ጠቆር ያለውን አረንጓዴ ሳቲን ስባ አወጣችና ጊፍቲ ትከሻ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ ናዝሬት ላይ፣ ከዚያ ራሷ ላይ። ለሁሉም አማረ። የሺሃረግ ስፒሎቿን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። ይህ ከእሷ ትልቅ ምስጋና ነው።

"አባዬ አረንጓዴ ይወዳል" አለች ሃይሚ። ጨርቁን ፎቶ አንስታ ላከችለትና ስልኩን አየት አድርጋ፣ "አይደርሰውም እንጂ። ጸበል ገብቷል፤ ደብረ ሲና በኩል ያለ ገዳም። ሱባኤ ላይ ስልክ አይፈቅዱም አሉ። ለሠርጉ ይደርሳል ብላኛለች እቴቴ" ብላ ወደ አክስቷ ዞረች።

ወይዘሮ ዓለም በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከመጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። "ይደርሳል" አለች፤ ወለሉን እያየች።

ልክ ተወሰደና ሁሉም ወጡ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወይዘሮ ዓለም ብቻዋን ተመለሰች። ልጆቹን "ጃንጥላ ረሳሁ" ብላቸዋለች። በጥር ምን ጃንጥላ አለ? ጥጉ ጋ የቆመው የጥቁር ክሬፕ ጣቃ ላይ እጇን አሳረፈች።

"ከዚህ አንድ፣ በሃይሚ ልክ" አለች። "እጅጌው ሙሉ ይሁን። ገበር ይኑረው።"

የሺሃረግ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። "እትዬ ዓለም... ማን?"

"ወንድሜ" አለችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ተንሰቀሰቀች። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ልጆቹ ደረጃው ሥር እየጠበቋት ነው። "ናዝሬትም አታውቅም። ሠርጉ ይለፍ። ሰኞ ጠዋት ነው የሚነገራት። እናት የላት የሺዬ፤ በዚያን ቀን የሰው ጥቁር ተውሳ፣ ከላይዋ ላይ እየወለቀ፣ ሰው ፊት እንድትቆም አልፈልግም። አሁን የሠርግ ወቅት ነው፤ በኋላ ብልሽ ጊዜ አይኖርሽም።" የሺሃረግ ልትናገር ስትል ወይዘሮ ዓለም መዳፏን አፏ ላይ አደረገችባት። "እባክሽ። በመድኃኔዓለም።" ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ፊቷን አስተካክላ ወረደች። ከታች "እማ፣ ጃንጥላውስ?" ሲሏት ሰማሁ።

እኔም የሺሃረግም "መቼ?" አላልንም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሰው ወንድሜ ብሎ ሲያለቅስ፣ ጥቁር ሲያሰፋ፣ ምን ትጠይቃለህ? ሳይሞት ጥቁር ማሰፋት ሟርት ነው፤ እናቶቻችን ስሙን እንኳ አያነሱትም። ሞቷል፣ ተቀብሯል ብለን ደመደምን፤ ያልደመደመ ሰው ካለ ይቅረብ።

"እነግራታለሁ" አለች የሺሃረግ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "አሁን ሮጬ ታክሲ ሳትይዝ እነግራታለሁ።"

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። ዝም ብዬ መቀመጥ ስችል ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። "ዝም አይነቅዝም" አልኳት። "ሰውየው ሞቷል። ዛሬ ብትነግሪያት አይነሳ፣ ሰኞ ብትሰማ አይብስበት። የሰው ሠርግ አፍርሰሽ፣ ሁለት ልጆች አስለቅሰሽ ምን ልታተርፊ ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አትመልሽውም።"

"ሰማንያ ቀን..." አለች።

"ይሄ ስምንት ቀን ነው" አልኳት።

አነጋገሬን አሁን ሳስበው የጨርቅ ዋጋ የምከራከር ነው የሚመስለኝ፤ ሰማንያውን ወደ ስምንት አወረድኩላት፣ እሷም በርካሽ ገዛችው። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጣቃውን ስባ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለችና መቀሱን አነሳች። ከዓይኔ ይራቅልኝ ብላ ነው፤ ከአራቱ አረንጓዴ በፊት ጥቁሩን ቆረጠችው። በዚያው ቅዳሜ ቆርጣ፣ ሰኞና ማክሰኞ ገበሩን አግብታ፣ ጠርዙን በእጇ ዘምዝማ ጨረሰችው። እንደዚያ ተጠንቅቃ ስትሰፋ አይቻት አላውቅም። እንደዚያ ዝም ስትልም አይቻት አላውቅም፤ ደንበኛ በሌለበት፣ ቀኑን ሙሉ። የድንች ጆንያ የሚለኝ ጠፋና ክፍሏ ጭር አለችብኝ።

ረቡዕ ዕለት ወይዘሮ ዓለም ወደ እኔ መጣች፤ ግራጫ የወንድ ሱሪ ይዛ። "ወገቡን አራት ጣት አጥብብልኝ፤ ዛሬውኑ እፈልገዋለሁ" አለች። አራት ጣት ብዙ ነው። "ባለቤትሽን የሠርጉ ወጪ ነው እንዴ እንዲህ ያከሳቸው?" ብዬ ቀለድኩ። ፈገግ ለማለት ሞከረች። "አዎ" አለች። ቁጭ ብላ ጠብቃ ወሰደችው።

አሁን የማወራችሁ እኔ ስለሆንኩ ከእናንተ አልደብቅም፤ የተደበቀው ይበቃል። ሱሪው የኃይለ መስቀል ነበር። ኃይለ መስቀል አልሞተም። በታኅሣሥ ከደብረ ሲና ታሞ መጥቶ፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ሐኪሞቹ "ሳምንት አይሞላውም፤ ከእንግዲህ ወደ ቤት ውሰዱት" ሲሉ እህቱ እንጦጦ አወጣችው፤ ከጸበሉ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ አስታማሚ ቀጥራ። ያ ሃይሚ ገዳም ገብቷል የምትለው አባቷ ከእኛ በረንዳ በሚታየው ተራራ ላይ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግፈው ወደ ጸበሉ ሲወስዱት ሱሪው እየወረደ አስቸገረ፤ ያ ነው አራት ጣት ያጠበብኩት። የሞተ ሰው ሱሪ አያስጠብብም። ግን የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም፤ እጄ መርፌ ይዟል፣ አፌ ቀልድ ይዟል።

ለእሱም ዋሽተውት ነበር። "ልጄን ጥሩልኝ" ሲል "ለሥራ ሐዋሳ ተልካለች፤ ለሠርጉ ስትመጣ ታይሃለች" ይሉታል። ለልጅቷ አባትሽ ገዳም ነው፣ ለአባቷ ልጅህ ሐዋሳ ናት። የሺሃረግ ማታ ማታ ቤቷ ስትገባ ያን ተራራ እያየች ነው የምትወጣው።

ወይዘሮ ዓለምን ክፉ ሴት አታድርጓት። ወንድሟ ነው፤ ከእናቷ ልጆች አንድ የቀረላት። እሱ ከሞተና ከታወቀ እሷ ሐዘን ተቀምጣ የልጇ ሠርግ ይቀራል። እሱም "በእኔ ምክንያት የልጅ ሠርግ እንዳይቀር" ብሏታል አሉ፤ ይህን ያለ ሰው ግን ልጄን ደብቁብኝ አላለም። ሃይሚ ካየችው ናዝሬት ታውቃለች፣ ናዝሬት ካወቀች ሠርግ የለም። ሴትዮዋ ጠዋት እንጦጦ ወንድሟን ታገላብጣለች፣ ከሰዓት አዳራሽ የአበባ ቀለም ትመርጣለች። እኔ ብሆን አብድ ነበር።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃይሚ ብቻዋን መጣች፤ ቀሚሷን ልትሞክር። ከላምበረት መናኸሪያ ነው የመጣሁት አለች። ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ አውቶብስ ላይ አንድ የአገራቸውን ሰው አግኝታ፣ ለአባቷ ሹራብና ብርቱካን ልካለች። "ገዳሙ ብርድ ነው" አለች። የሺሃረግ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አረንጓዴውን ለብሳ ስትወጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ መቀሴን አስቀመጥኩ። "ጋሽ ሰቦቃ፣ እንዴት ነኝ?" አለችኝ።

"ሙሽራዋን እንዳታስቀይሚያት እንጂ" አልኳት፤ ሳቀች። የሺሃረግ ተንበርክካ ጠርዙን በስፒል እየያዘች ነው። ልጅቷ በመስተዋቱ ውስጥ ቁልቁል አየቻት።

"እትዬ የሺ፣ እርስዎ ሕልም ይፈታሉ? ሦስት ሌሊት አባዬን አየሁት። በር ላይ ቆሞ ይጠራኛል፤ እኔ ደግሞ ጫማዬን አጥቼ እፈልጋለሁ። ነገ በጠዋት አውቶብስ ሄጄ ቅዳሜ ልመለስ ብላት እቴቴ ተቆጣችኝ። ተቆጥታኝ አታውቅም። ምን ይመስልዎታል? ደህና ይሆን?"

የሺሃረግ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች። ቀና ብላ የልጅቷን እጅ ያዘች። "ሃይሚ ልጄ..." ብላ ጀመረች።

ዘልዬ ተነሳሁ። "የሺ! ካውያው ጨርቅ እያቃጠለ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ካውያው ሶኬት ላይ እንኳ አልተሰካም። የሺሃረግ ካውያውን አየች፣ እኔን አየች። ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ እንዲህ ተደብቆ ተደብቆ ሦስት ቀን ሲቀረው ይፈርሳል? ያ ነበር በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። በዓይኔ ለመንኳት። የልጅቷን እጅ ለቀቀች። "ሕልም ነው" አለቻት። "ስለምታስቢው ነው።" ስፒሎቹን መልሳ ነከሰች።

ኃይለ መስቀል ያን ሐሙስ አመሻሽ ላይ ዐረፈ። ዓርብ ጠዋት እዚያው ተራራ ላይ፣ ከአሥር የማይበልጥ ሰው ቆሞለት ተቀበረ። ወይዘሮ ዓለም ከቀብሩ ተመልሳ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች፤ የሙሽራ እናት ናት።

እሁድ ተሰረገ። እኛም ተጠርተን ነበር፤ የሺሃረግ አልሄደችም፤ እኔ ሄድኩ። አራቱ አረንጓዴዎች ሙሽራዋን አጅበው ሲገቡ አዳራሹ አጨበጨበ። ሃይሚ ከሁሉም ይበልጥ ጨፈረች። በየመሃሉ በሩን ታያለች፤ ሰው የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ። ምግቡን አልበላሁትም።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ የሺሃረግ ደወለችልኝ። "ከእኔ ጋር ትሄዳለህ፤ ዝም ያሰኘኸኝ አንተ ነህ" አለች። መሪ፣ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ሰው በየደረጃው በዝምታ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት። በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ራሷ ናት የከፈተችው፤ የሠርጉ የፀጉር ሥራ እንዳለ ነው፣ ዓይኗ እንቅልፍ አልጠገበም። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ስታይ ማንም ቃል ሳይናገር ገባት። ያ ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴቶቹ ይዘዋት ገቡ። ስትወጣ ጥቁሩን ለብሳ ነበር፤ ልክ በልኳ፣ ሙሉ እጅጌ፣ አንድ ቦታ እንኳ የማይሸበሸብ።

ረፋድ ላይ ከሕንፃዎቹ መሃል ድንኳን ተተከለ። ወይዘሮ ዓለም ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን ለቀቀችው፤ ደረቷን እየመታች፣ ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። "ወንድሜ፣ ሐሙስ የሸኘሁህ! ልጄን አምጪልኝ ስትለኝ ሐዋሳ ናት ያልኩህ! ሐሙስ ጠዋት እንኳ ስሟን ጠርተህ፣ እንጦጦ ላይ ሆነህ ሐዋሳን ስትጠብቅ!" እያለች አወረደችው። ሰዉ አለቀሰ። የሺሃረግ ክንዴን ያዘችው፤ ጥፍሯ ኮቴን አልፎ ተሰማኝ።

"ሐሙስ አለች?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሐሙስ አለች።"

"ሃይሚ እኛ ጋ ስትመጣ በሕይወት ነበር። ጥቁሩን ስቆርጥ በሕይወት ነበር። ሰቦቃ፣ የሞተ አልደበቅንም፤ ያለ ሰው ነው የደበቅነው!"

ምን እላታለሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እንውጣ ብዬ ልጎትታት ሞከርኩ፤ እሷ ግን ወደ ፊት ሄደች። ሃይሚ ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ የአክስቷን ለቅሶ እንደ ማንኛውም ሰው ታዳምጣለች፤ ዕንባዋ ቆሟል። የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ገልብጣ ገበሩን እያየች ነበር። ይህ በአንድ ጠዋት የሚሰፋ ልብስ አይደለም፤ ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም።

"እትዬ የሺ" አለች ቀና ብላ። "ይሄን እርስዎ ነዎት የሰፉት?"

"እኔ ነኝ ልጄ።"

"መቼ ቆረጡት?"

በሆዴ ዋሺ አልኩ። ዓርብ በያት፣ ቅዳሜ ማታ በያት፣ ከሞተ በኋላ ያለውን የትኛውንም ቀን በያት አልኩ። የሺሃረግ ተንበረከከች።

"ያን ቅዳሜ" አለች። "ቀለም የመረጣችሁ ዕለት። እናንተ እንደወጣችሁ። የሞተ መስሎኝ ነበር ልጄ። ሳልጠይቅ።"

 ሃይሚ አልጮኸችም። ጣቶቿን እያየች መቁጠር ጀመረች።

"ከእርስዎ ሱቅ እንጦጦ ታክሲ ተቀያይሬም አንድ ሰዓት ነው" አለች። "ያን ቀን እዚያ ሦስት ሰዓት ቆየን። ሮዝ ይሁን፣ ወይን ጠጅ ይሁን ስንል። አንድ ሰዓት መሄጃ፣ አንድ ሰዓት መመለሻ... አንድ ሰዓት ከእሱ ጋር እቀመጥ ነበር።"

 ልጅቷ ወደ ጎን ጠጋ ብላ ለየሺሃረግ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።